ሽንኩርት ስንት ዋለ?

ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና ከመድረሱ በፊት በሚያጠጣው ጥቁር መሬት ላይ፣ የመጋቢት ሽንኩርት የሚነቀለው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ሴቶችና ልጆች በመስመር ሆነው ይነቅላሉ። ወንዶች ቅጠሉን በማጭድ ይቆርጣሉ። ጆንያ የሚሰፋው ጎረምሳ ዳር ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የማሳው ባለቤት ስድሳን የተሻገሩ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁ አባት ናቸው። ዓይናቸው ግን ሠራተኞቹ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። አይሱዙው በሦስት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አራት ሰዓት አልፏል።

ከመኪናው በፊት ደላላው በሞተር ሳይክል ደረሰ። ዕድሜው ከሽማግሌው የመጨረሻ ልጅ አይበልጥም። ሰላምታው ረዥም ነበር፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ በሬዎቹ፣ ለፋሲካ ማግስት ስለተቆረጠው የልጃቸው ሠርግ ጠየቀ። ከዚያ ስልኩን እያየ፣ «አዲስ አበባ ዛሬ ቀዝቅዟል፣ አባቴ» አለ። «ከትናንትናው ስምንት ብር ወርዷል። እኔም ደነገጥኩ። ካላመኑኝ ደውለው ይጠይቁ።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልካቸውን አወጡ። አዲስ አበባ የሚደውሉለት ሰው ግን የላቸውም። ስልካቸው ውስጥ ያለው የልጆቻቸው፣ የጎረቤቶቻቸው፣ የንስሐ አባታቸውና የዚሁ የደላላው ቁጥር ነው። ባህር ዳር ላለው ልጃቸው ደወሉ። ልጁ ሰፈሩ ያለችውን ጉልት ሻጭ ጠይቆ መልሶ ደወለ። የነገራቸው ዋጋ ደላላው ከጠራው ከእጥፍ በላይ ነው።

«እጥፍ ይሸጣል እኮ ይላል!»

«ጉልትማ ሌላ ነው፣ አባቴ። እሷ አንድ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እየመዘነች ነው የምትሸጠው። የመኪናው አለ፣ የጫኝ አውራጁ አለ፣ የሚበሰብሰው አለ።»

ደላላው አልዋሸም፤ የጉልት ዋጋ ለጅምላ ሻጭ ብዙም አይነግረውም። ሽማግሌው ከስልኩ በኋላ ተናደዱ እንጂ የመደራደሪያ አቅም አላገኙም። ሽንኩርቱ ደግሞ ተነቅሏል፤ ግማሹ ጆንያ ገብቷል። ለነቃዮቹ የዕለት ክፍያ ይጠበቃል። እኩለ ቀን ላይ መኪናው መጣ፤ ጫኞቹ ወረዱ፤ ሽንኩርቱ ደላላው በጠራው ዋጋ ላይ አንድ ብር ተጨምሮበት ሄደ። አንዷን ብር ያስጨመረው ሠርጉ ይመስለኛል።

ስለ ገበያ መረጃ የሚጻፉ ሪፖርቶች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በዚያ የስልክ ጥሪ ላይ ነው። ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ ቢያውቅ ኖሮ አይታለልም ነበር ይላሉ። በዚያ ማሳ ላይ የተደረገውን በቅደም ተከተል ላየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያ መኪና ይመጣል ተባለ፤ ቀጥሎ ሽንኩርቱ ተነቀለ፤ ዋጋ የተነገረው በመጨረሻ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ትክክለኛው የአዲስ አበባ ዋጋ በመልአክ ቢነገራቸው እንኳ፣ ሽማግሌው የነቀሉትን ሽንኩርት መልሰው አይተክሉትም።

ደላላው ታዲያ የሚያውቀው ምንድን ነው? ዋጋ ብቻ አይደለም። ትናንት ማታ ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከምና ከደራ ስንት መኪና እንደተጫነ ያውቃል። መራዊ ዙሪያ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት መውጣት መጀመሩንና አለመጀመሩን ያውቃል። በመተማ በኩል የሱዳን ሽንኩርት መግባትና አለመግባቱን ይሰማል። መቂና ባቱ ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው እንደሚቀንስ ይገምታል። የትኛው ሾፌር ባዶውን እየተመለሰ እንደሆነና በምን ዋጋ እንደሚጭን ያውቃል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ ገበያው የት እንደገባ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚሸጥ ዕቃ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎችን ማገናኘት ሥራ ነው፤ ስርቆት ብሎ ማለፍ ይቀላል፣ ግን ልክ አይደለም።

ይህን ቀድመው በጥናት ካሳዩት አንዷ የኢኮኖሚ ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የእህል ነጋዴዎችንና የእህል በረንዳ ደላሎችን ሥራ አጥንተው፣ ነጋዴው ሩቅ ቦታ ላለ የማያውቀው ሰው እህል ሲልክ ደላላውን የሚጠቀመው ፈላጊ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ለእምነትም እንደሆነ አሳይተዋል። የእህሉን ጥራት የሚመሰክርለት ላብራቶሪ፣ ቢካድ የሚከስስበት ፈጣን ፍርድ ቤት የሌለው ነጋዴ ዋስትናው የደላላው ስም ነው። ሁሉም ነጋዴ እንግዳን ስለሚፈራ ግን ንግዱ ከሚተዋወቁ ሰዎች ክበብ እምብዛም አይወጣም። ትርፍ ካለበት ወደ ጎደለበት እህል በቀላሉ የማይሄደው አንድም በዚህ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች ሲያነሱት ፊታቸው ይለወጣል። በደርግ ጊዜ ዋጋ ምስጢር አልነበረም፤ መንግሥት ቆርጦ ይነግራቸው ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመድባል፤ ጤፉም ስንዴውም ከገበያው ዋጋ በብዙ ባነሰ ሒሳብ ይረከባል። እህል የጫነ ነጋዴ ኬላ ላይ ይያዛል። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ በነፃ ገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ቁርጥ ዋጋና ኮታ የቀሩት መንግሥት በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲለውጥ ነው። የጎጃም ገበሬ ያን ዓመት ምን ያህል እንደተነፈሰ የሚነግሩኝ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ስለ ኬላ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ገበያው ነፃ ወጣ፤ መረጃው ግን አብሮት አልወጣም። ለዚህ ከ1994 ዓ.ም. የበለጠ ምሳሌ የለም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና ፕሮግራምና መንግሥት የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ጥቅል ይዘው ወደ ገበሬው ማሳ ገብተው ነበር። ከባኮ ምርምር የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በጎጃም፣ በወለጋና በጅማ ተስፋፋ። ምርቱም ተገኘ፤ ሁለት ተከታታይ ዓመታት በቆሎ ሞላ። ከዚያ በ1994 ዓ.ም. አጋማሽ ዋጋው ወደቀ። ዶክተር እሌኒ በ1999 ዓ.ም. አሩሻ ላይ ባደረጉት ንግግር እንደገለጹት፣ የበቆሎ ዋጋ 80 በመቶ ወርዶ፣ ማጨዱ ወጪውን ስለማይመልስ 300,000 ቶን ያህል እህል ማሳ ላይ ቀርቷል። ገበሬው ማዳበሪያውን የወሰደው በብድር ነበርና በሬ ሸጦ የከፈለ ብዙ ነው። በተከታዩ ክረምት ብዙዎች ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከመግዛት ወደ ኋላ አሉ። ዝናቡም በዚያው ዓመት ከዳ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ምርታማነት ሲባል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ዘርን፣ ማዳበሪያንና በመስመር መዝራትን ነው። የ1994ቱ ታሪክ የሚያሳየው ግን ገበሬው ማዳበሪያ የሚያፈሰው ማሳው ስለሚያበቅል ብቻ እንዳልሆነ ነው። ዋጋው ከወደቀበት ምርጥ ዘሩ ዕዳ ነው። ጎታ ሙሉ በቆሎ ይዞ የከሰረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከማዳበሪያው ቢቀንስ፣ ኋላ ቀር ሆኖ ሳይሆን ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የበቆሎ ምርታማነት አድጓል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሄክታር 16 ኩንታል ያህል የነበረው አማካይ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከ30 ኩንታል አልፏል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ዓመት ግን እንዳይደገም ምን ዋስትና አለ ብሎ የጠየቀ ገበሬ እስካሁን የረባ መልስ አላገኘም።

መልስ ይሆናል ተብሎ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በነበረው የግብይት አዳራሽ ገዥና ሻጭ በቀለም የተለዩ ኮት ለብሰው እየጮሁ ሲገበያዩ፣ መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ በቴሌቪዥን ያላየ የለም። ዋጋው ወዲያው በየክልሉ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ላይ ይወጣ ነበር፤ በ929 የደወለም በድምፅ ይሰማ ነበር። ቡና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከዚያም ሰሊጥና ቦሎቄ በዚያ በኩል እንዲያልፉ ተደረገ። በተለይ ለሰሊጥና ለቡና ትልቅ ለውጥ ነበር። ሁመራ ያለ አቅራቢ የአዲስ አበባውን የዕለት ዋጋ ከላኪው እኩል ሰማ፤ የሸጠበትም ገንዘብ በማግስቱ አካውንቱ ገባ። ቀድሞ ገንዘቡን ለወራት የሚጠብቅ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሚካድ ሰው ነበር።

ግን አዳራሹ ውስጥ ገበሬ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ሰው መጋዘኑ የሚቀበለውን ትንሹን መጠን እንኳ ለብቻው አይሞላም። እሱ የሚሸጠው ለሰብሳቢ ነው፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢ፣ አቅራቢው ገበያው ላይ ለላኪ። ሰሌዳው ላይ የወጣው ዋጋ ከላይ ያሉትን ሁለቱን እኩል አደረገ፤ ታች ያለው የገበያ ቀን ግን እንደነበረው ቀጠለ።

የገበያ ቀን ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እህል ተራው መግቢያ ላይ፣ ከገጠር የምትመጣ ሴት አሥራ አምስት ኪሎ የማይሞላ ጤፍ በአገልግል መሳይ ከረጢት ተሸክማ ትደርሳለች። ገና መንገድ ላይ ከሚመለሱት «ጤፍ ስንት ዋለ?» ብላ ጠይቃለች። ስለዚህ ዋጋውን ታውቃለች፤ ሠርገኛው ከነጩ በስንት እንደሚያንስ ሳይቀር ታውቃለች። ሰብሳቢው «ነይ እታለም፣ እኔ ዘንድ ነይ» ብሎ ከረጢቱን ከትከሻዋ ላይ ይቀበላታል፤ ከእጇ ወጣ ማለት ነው። የሚንጠለጠለው ሚዛን መንጠቆ ላይ ያደርገዋል። ቀስቱ ገና ሲንቀጠቀጥ «አሥራ ሦስት» ይላል። እሷ ቤቷ በጣሳ ሰፍራ ነው የወጣችው፤ አሥራ አራት ተኩል መሆን ነበረበት። ትከራከራለች። «አፈሩስ?» ይላታል፣ ከጤፉ በመዳፉ ዘግኖ እፍ እያለ። ከጀርባዋ ሌላዋ ቆማለች። ከሚሸጠው ጤፍ ዘይት፣ ጨው፣ የልጅ ደብተር ይገዛል፤ ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ አለ።

እዚህ ቦታ ላይ በስልክ የሚላክ የዋጋ መልእክት ምን ይጨምራል? በኪሎ አምስት ብር ተደራድራ ብታስጨምር እንኳ፣ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ተኩል ከሰረቃት ካስጨመረችው በላይ ታጣለች። እኔ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ብሆን፣ ስለ ዲጂታል ገበያ አንድ ስብሰባ ትቼ በየገበያው መግቢያ አንድ የታመነ ሚዛን ባስቀምጥ እመርጣለሁ። ሰው መዝኖ ይግባ፤ ከዚያ ይደራደር።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም የተደበላለቀ መልክ ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሕንዷ ኬረላ ነው። ሮበርት ጄንሰን እንዳሳየው፣ ዓሣ አጥማጆች ሞባይል ሲያገኙ ባሕር ላይ ሆነው በየትኛው ወደብ ገዥ እንዳለ እየጠየቁ ጀልባቸውን ወደዚያ አዞሩ። ተጥሎ ይቀር የነበረው ዓሣ ቀረ፣ ትርፋቸው 8 በመቶ ያህል ጨመረ፣ የበላተኛው ዋጋም በ4 በመቶ ወረደ። ኒጀር ውስጥ ጄኒ ኤከር ባጠናችው መሠረት ሞባይል በየገበያው መካከል የነበረውን የእህል ዋጋ ልዩነት ከ10 እስከ 16 በመቶ አጥብቧል፤ ስልኩን በዋናነት የተጠቀሙበት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው። በሕንድ ማሃራሽትራ ደግሞ ማርሴል ፋፍሻምፕና ባርት ሚንተን በስልክ የዋጋ መልእክት የሚደርሳቸውን ገበሬዎች ከማይደርሳቸው ጋር አነጻጽረው፣ በሚሸጡበት ዋጋ ላይ የረባ ልዩነት አላገኙም። እኛም አገር ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ ያደረጉት ጥናት፣ ስልክ ያላቸው ገበሬዎች እንኳ ለገበያ መረጃ የሚጠቀሙበት ጥቂት እንደሆኑና በሚያገኙት ዋጋም ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ እንደሆነ ያመለክታል።

የኬረላው አጥማጅ ከፎገራው ገበሬ የሚለየው ጀልባ ስላለው ነው። መሪውን አዙሮ ሌላ ወደብ መግባት ይችላል። የእኛው ሰው መኪና የለውም፤ በአህያ የሚደርስበት ገበያ አንድ ወይም ሁለት ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እነሱም የሉም። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የትጥቅ ግጭት ሲስፋፋ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ ደላላው ራሱ በቴሌግራም ያገኝ የነበረውን የየከተማውን ዋጋ አጥቷል። በዚያ ወቅት ዋጋ የሚወስነው ሾፌሩ መንገዱን ደፍሮ መምጣቱ ነበር።

ሌላው ማሰሪያ ጊዜ ነው። እህል የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። የማዳበሪያ ብድሩም፣ የመሬት ግብሩም፣ ማኅበሩም፣ ሠርጉም በዚያው ወቅት ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ላይ ዋጋው ሲወጣ ያው ገበሬ ገዥ ሆኖ ይመጣል። ይህን ለማወቅ መልእክት የሚያስፈልገው ገበሬ አላየሁም፤ ከአያቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚያስፈልገው እህሉን ነቀዝ ሳይበላው የሚያቆይበትና በያዘው እህል ላይ ብድር የሚያገኝበት መንገድ ነው። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እህሉን መጋዘን አስገብቶ፣ በደረሰኙ ከባንክ ተበድሮ፣ ዋጋ ሲወጣ መሸጥ ማለት ነው። ነጋዴውና አቅራቢው ተጠቅመውበታል። አራት ኩንታል ያለው ሰው ዘንድ ግን አልደረሰም።

መረጃ ታዲያ ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ዋጋ የሚኖረው ከመዝራት በፊት ሲመጣ ነው።

ሕንድ፣ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ አይቲሲ የተባለው ኩባንያ በየመንደሩ ኮምፒውተር አስቀምጦ የአኩሪ አተርን ዋጋ ሲያሳውቅና ራሱም በዚያ ዋጋ ሲገዛ፣ ገበሬው ያገኘው ዋጋ የጨመረው ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነበር። በአኩሪ አተር የተሸፈነው መሬት ግን በ19 በመቶ አድጓል። ገበሬው ገዥና ዋጋ መኖሩን ሲያምን የሚለውጠው የሚዘራውን ነው። እዚህም የአርሲና የባሌ ገበሬ ለቢራ ብቅል ገብስ ውል ሲገባ ያየነው ይኸው ነው። ዘሩን የሚያቀርበውና ምርቱን የሚረከበው ከታወቀ፣ ማዳበሪያ አለመቆጠብ ይቻላል።

ፎገራ ራሷ የዚህ ምስክር ናት። ሩዝ ወደ ሜዳው የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ምክር፣ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ክረምት ጎርፍ የሚተኛበትን ያን መሬት ያለበሰው፣ ገበሬው ኤክስ ጅግና የሚለው ዝርያ፣ የተስፋፋው በስልክ መልእክት አይደለም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተደረደሩ፤ ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ። ገዥው ደጃፍ ላይ ቆመ። ሜዳው በሙሉ ሩዝ ለበሰ።

የእርሻ ምክርን በተመለከተ ስልክ ብዙ ሠርቷል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. የከፈተው 8028 የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ስለ መዝሪያ ጊዜ፣ ስለ ማዳበሪያ መጠን፣ ስለ በሽታ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። ዋግ ስንዴው ላይ ሲታይ ለየአካባቢው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ማንበብ የማይችል ሰው በራሱ ቋንቋ፣ በፈለገው ሰዓት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ሳይጠብቅ ይሰማል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ግን «በደንብ አምርት» የሚል ድምፅና «ጎረቤትህ ሁሉ ይህንኑ ዘርቷል» የሚል ድምፅ ይለያያሉ። ሁለተኛው የለም።

ሽንኩርት ችግኝ ከሚፈላበት እስከሚነቀልበት አምስት ወር ያህል ይፈጃል። ጥቅምት ላይ የተወሰነው መጋቢት ላይ ይመዘናል። ዓምና ዋጋው ከወጣ ዘንድሮ ሁሉም ይተክላል፤ ሁሉም ከተከለ ዋጋው ይወድቃል፤ ከወደቀ በተከታዩ ዓመት የሚተክል ይጠፋና እንደገና ይወጣል። ገበሬው የሚከተለው የዓምናን ዋጋ ነው፤ የዓምና ዋጋ ደግሞ በትክክል ወደተሳሳተው ጎን የሚመራ ነው። የዛሬውን ዋጋ ቢነግሩትም ያው ነው። የሚጎድለው መረጃ ዘንድሮ ምን ያህል ሄክታር እንደተተከለ ነው።

የሚገርመኝ ይህ ቁጥር መኖሩ ነው። በየቀበሌው ሦስት ያህል የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሉ። ምን ያህል ችግኝ እንደፈላ፣ ምን ያህል ሄክታር በመስኖ እንደተሸፈነ፣ በየትኛው ሰብል፣ ይመዘግባሉ፤ ለወረዳ ይልካሉ። ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሳምንት ሪፖርቱን ለመሙላት ስንት ማታ እንደሚያጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዕቅዱ ጋር ይነጻጸራል፣ «የዕቅዱን 104 በመቶ አሳክተናል» ይባልና ይቀመጣል። ወደ ማሳው አይመለስም። የፎገራ ገበሬ ደራና መራዊ ምን ያህል ሽንኩርት እንደተተከለ በኅዳር ቢነገረው ሊቀንስ፣ ጓያ ወይም ሽምብራ ሊጨምር፣ የተወሰነውን መሬት ሊያዘገይ ይችላል። የሪፖርቱ ቁጥር ከፍ ተደርጎ የሚጻፍ መሆኑ ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ለዕቅድ ማሳኪያ የተጻፈ ሄክታር ለዋጋ መተንበያ አይሆንም። ግን ገበሬው እያየው የሚለጠፍ ቁጥር ቢሆን፣ ውሸቱን መጀመሪያ የሚያርመው እሱ ራሱ ነበር።

እስከዚያው ቁጥሩን የያዙት ሌሎች ናቸው። ወረታ አውቶቡስ ተራ አጠገብ የግብርና ግብዓት ሱቅ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ የዘር ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የፀረ ተባይ ጠርሙስ፣ በር ላይ የውኃ ሞተር ቱቦ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ባለሱቁን ምን እንደሚሸጥ ጠየቅሁት። «ቲማቲም» አለኝ፤ «ዘንድሮ ሁሉም ቲማቲም ነው የሚለው። ሁለቴ አስመጥቼ አልቋል።» ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ቦምባይ ሬድ የሚል የሽንኩርት ዘር ቆርቆሮ በረድፍ ተደርድሯል፤ አቧራ ይዞታል። ባለፈው መጋቢት የሽንኩርት ገበያ ያቃጠለው ሰው ዘሩን ዘወር ብሎም አላየውም።

«አንተስ መሬት አለህ?»

«ተከራይቼ፣ አራት ጥማድ።»

«ምን ተከልህ?»

ከገዥ ላይ የተቀበለውን ብር እየቆጠረ ነበር፤ ቀና ሳይል መለሰልኝ። «ሽንኩርት ነዋ።»